ከኢስታንቡል በፊት ሐረር

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ሻያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ከዒሻ ሶላት በኋላ እዚሁ ሐዋሳ መስጂዳችን ግቢ ውስጥ ከወጣቶች ጋር ተቀምጠን ነበር። አንዱ ስልኩን አውጥቶ የኢስታንቡሉን ሰማያዊ መስጂድ አሳየኝ፤ ስድስት ሚናራ፣ ከኋላው ባሕሩ። «ኡስታዝ፣ መካና መዲና ሳይቆጠሩ፣ አላህ ገንዘቡን ቢሰጥዎት መጀመሪያ የት ይሄዳሉ?» አለኝ። እኔ ሳልመልስ ሌላው «ኢስታንቡል!» ብሎ ጮኸ። ሦስተኛው ሰመርቀንድን መረጠ፤ በዩቲዩብ አይቷት ነው።

እኔ «ሐረር» አልኩ። ሳቁብኝ። «ኡስታዝ ደግሞ! ሐረር እኮ የጅብ አገር ናት» አለ አንዱ።

ወላሂ አልከፋኝም። እኔም ደረሳ እያለሁ ስለ ሐረር የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ጅቡንና ስሟ ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ የማየውን፣ እኛ የማንጠጣውን ነገር። ነሕው ስንቀራ የበስራና የኩፋ ሊቃውንት ክርክር በቃላችን ነበር። ባግዳድንና ደማስቆን ሄደን ያየናቸው ያህል እናወራላቸው ነበር። በገዛ አገራችን የሱልጣን መቀመጫ የነበረች፣ የራሷን ገንዘብ ያተመች፣ ዙሪያዋን በድንጋይ የታጠረች ከተማ መኖሯን ግን ከልብ ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም።

እስቲ ከምታውቁት ልነሳ። ሱልጣን ሱለይማንን በተከታታይ ድራማ ታውቁታላችሁ። ሱለይማን ኢስታንቡል ላይ ዙፋን የያዘው በ1520 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው በ1520 ሱልጣን አቡበክር ኢብኑ ሙሐመድ የዐደልን መንግሥት መቀመጫ ከደከር ወደ ሐረር አዛወረ። ኦቶማኖች ኢስታንቡልን ከያዙ ያን ጊዜ ገና 67 ዓመታቸው ነበር። ሁለቱ ከተሞችም በቀይ ባሕር በኩል ይተዋወቁ ነበር፤ በኋላ ኢማም አሕመድ ጠመንጃና ጠመንጃ ያዥ ወታደር ያስመጣው በየመኗ ዘቢድ ከነበሩት ኦቶማኖች ነው። እኛ ግን አንዷን በድራማ እናያታለን፣ ሌላዋን በጅብ።

ይህን ስነግራቸው ሳቁ ቆመ። «እንሂዳ!» ተባለ። ብር ማሰባሰቡ ብቻ አራት ወር ፈጀ፤ እሱን ልዝለለው።

ስድስት ሆነን ከሐዋሳ በሻሸመኔና በዝዋይ አድርገን ሞጆ ደረስን፤ ከዚያ አዳማ፣ አዋሽ፣ ጭሮ። ጭሮ አድረን በማግስቱ ተራራ ተራራውን ቀጠልን። ሒርናን አልፈን ጨለንቆ ስንደርስ ሹፌሩን ለአምስት ደቂቃ አቁምልን አልነው። ልጆቹ ለምን እንደቆምን ግራ ገባቸው። የሚታየው የበቆሎ ማሳና የጫት ተክል ነው፤ መንገድ ዳር ልጆች ድንች ይሸጣሉ። የሐረር የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ ጦር ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር የተዋጋው ግን እዚህ ነው፤ ጃንዋሪ 1887። ውጊያው ረጅም አልነበረም። በሰውም በጠመንጃም የሸዋው ጦር ይበልጥ ነበር። በዚያ ቀን ሐረር የራሷ አሚር ያላት ከተማ መሆኗ አበቃ። ጨለንቆን ያነሳሁት ከተማዋ ውስጥ ስንገባ እንደገና ስለምናገኛት ነው፤ ያውም ቤት ውስጥ፣ ወለል ላይ።

ከሐረማያ ሐይቅ ዳር ስናልፍ ልጆቹ የሐዋሳ ልጆች ናቸውና ሐይቅ ሲያዩ ዓሣ ጠየቁ። ይህ ሐይቅ ደርቆ የነበረ፣ ከዓመታት በኋላ ውሃው የተመለሰ መሆኑን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ። ሐይቅ ይደርቃል ብለው አስበው አያውቁም።

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ናት፤ አየሯ ከኛ ብዙም አይርቅም። አሮጌው ከተማ ጁገል ይባላል፣ 48 ሔክታር ገደማ ነው። የሐዋሳን ስፋት ለሚያውቅ ሰው ከአንድ ሰፈር አይበልጥም። በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ 82 መስጂዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮች ተመዝግበዋል፤ ጠባብ መንገዶቹ ደግሞ 368 ናቸው ይባላል። ዩኔስኮ በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ልጆቹ 82 ሚናራ ጠብቀው ነበር። መስጂዶቹ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ የአንድ ሰፈር ሰዎች ሰግደው የሚወጡባቸው፣ ከውጭ ስታያቸው ከመኖሪያ ቤት የማትለያቸው። ሁለት ነጭ ሚናራ ያለው ትልቁ መስጂደል ጃሚዕ ነው። እዚያ ዙህርን ስንሰግድ አጠገቤ የነበረው ልጅ «ኡስታዝ፣ ይሄ እኮ የኛን መስጂድ አያክልም» አለኝ በሹክሹክታ። እውነቱን ነው። ልዩነቱ የኛ መስጂድ የሲሚንቶው ደረሰኝ ገና ፋይል ውስጥ መኖሩ ነው።

ስለ ዕድሜዋ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ የፌስቡክ ጽሑፎች በዚህ ላይ ዝም ብለው ስለሚያልፉ ነው። ዩኔስኮ ሦስቱ መስጂዶች ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው ይላል። የከተማው ትውፊትም ሸይኽ አባድር ከሒጃዝ ከተከታዮቻቸው ጋር በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደመጡ ይናገራል። የመሬት ቁፋሮ ጥናት ያካሄደው ቲሞቲ ኢንሶል የሚባል ተመራማሪ ግን በሐረር መስጂዶች ያገኘው ማስረጃ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደኋላ አልሄደለትም። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ በምትባል ቦታ በ2017 ይፋ የሆነው ግኝቱ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ፦ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጂድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ፣ ከህንድና ከቻይና የመጣ ዕቃ። እንግዲህ በዚህ ምድር የሙስሊም ከተሜነት ጥንታዊ ነው፤ ጥንታዊነቱ ግን መጀመሪያ ሐርላ ላይ፣ ቀጥሎ ሐረር ላይ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ ይከፋቸዋል። እኔ አይከፋኝም። እኛ የኢስናድ ሰዎች ነን፤ ሰነዱ የት ድረስ እንደሚደርስ መጠየቅ ያደግንበት ነው።

ግንቡን ዞርነው። ርዝመቱ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከፍታው አራት ሜትር ገደማ ነው። የቀድሞ በሮቹ አምስት ናቸው፤ ሁሉም የሐረሪና የአማርኛ ስም አላቸው። አስመዲን በሪ ሸዋ በር፣ በድሪ በሪ ቡዳ በር፣ ሱቁጣጥ በሪ ሰንጋ በር፣ አርጎብ በሪ ኤረር በር፣ አስሱም በሪ ፈላና በር ይባላል። የከተማው ሰዎች አምስቱን በሮች ከአምስቱ ሶላቶች ጋር ያያይዟቸዋል። ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ከግንቡ ሥር ግን ጅቦች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ሆን ተብለው ተትተዋል፤ ገብተው ቆሻሻውን በልተው ይወጣሉ። ማታ ከበር ውጭ በእንጨት ሥጋ ሲያጎርሷቸው አየን። ልጆቹ ቪዲዮ ቀረጹ፣ ጮኹ፣ አንዱ ሸሸ። ስለ ጅቡ ይህ ይበቃል።

ግንቡን ያሠራው አሚር ኑር ኢብኑ ሙጃሂድ ነው። ለምን እንዳሠራው ካላወቃችሁ ድንጋይ ብቻ ታያላችሁ። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ አሸንፎ ለ14 ዓመት ያህል የደጋውን ክፍል ተቆጣጠረ፤ በፌብሩዋሪ 1543 ወይና ደጋ ላይ ተገደለ። ባለቤቱ ባቲ ድል ወንበራ የተረፈውን ጦር ይዛ ወደ ሐረር ተመለሰች። ይህቺን ሴት እህቶቼ እንድታውቋት እፈልጋለሁ፤ ዘመቻው ላይ አብራው የነበረች፣ በመንገድ ላይ የወለደች፣ ከሽንፈት በኋላ ከተማዋን ያቆመች ናት። በኋላ የኢማሙን የእህት ልጅ ኑርን አገባች፤ ለጋብቻው የጠየቀችው የባሏን ደም እንዲመልስላት ነበር ይባላል። በ1559 ኑር ዐፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ገደለ። በዚያው ዓመት የደጋው ጦር ሐረር ገብቶ ሱልጣን በረካትን ገድሏል። ከዚያ ደግሞ በዘመኑ የተስፋፋው የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ ከተማዋን ዙሪያዋን ከበበ። ረሃቡና ወረርሽኙ ተከተለ፤ ኑር ራሱ በ1567 ገደማ የሞተው በወረርሽኝ ነው። ስለዚህ ግንቡ የድል ሐውልት አይደለም። የደከመ፣ ብዙ ልጆቹን የቀበረ ሕዝብ ያቆመው ነው።

ከልጆቹ አንዱ «ታዲያ ኢማም አሕመድ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም?» ብሎ አፋጠጠኝ። የኢማሙን ዘመቻ አብሮት የነበረው የመናዊ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ «ፉቱሑል ሐበሻ» ብሎ ጽፎታል። መጽሐፉ የተቃጠሉትን ቤተ ክርስቲያኖች አይደብቅም፤ በኩራት ይጽፋቸዋል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ያንን ዘመን በሐዘን ቢያስታውሱ ምክንያት አላቸው። እኛም ከእሱ በፊት የነበረውን ዘመቻና ግብር፣ በኋላም ሐረር ላይ የደረሰውን ብናስታውስ ምክንያት አለን። ለልጁ ያልኩት «የእግር ኳስ ቡድን አድርገህ አትያዘው፤ አንብበው» ነው። መልሱ አላረካውም። አሁንም በየሳምንቱ ይጠይቀኛል።

ከኑር በኋላ መቀመጫው በ1577 ወደ አውሳ ሄደ። ሐረር በ1647 በአሚር ዐሊ ኢብኑ ዳውድ ራሷን ችላ እንደገና ቆመች፣ የራሷን ገንዘብ እያተመች እስከ 1875 ድረስ በአሚሮች ተዳደረች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጃንዋሪ 1855 የዐረብ ነጋዴ መስሎ መጥቶ፣ በሩ ላይ ሲደርስ እንግሊዛዊ ነኝ ብሎ ገባ፤ አሥር ቀን ቆይቶ መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬም ሐረርን በርተን «አገኛት» የሚል ጽሑፍ ሳይ እስቃለሁ። በርተን ሲመጣ ከተማዋ ውስጥ ሰዎች ኪታብ ይገለብጡ ነበር፣ ቡና ወደ ባሕር ይልኩ ነበር፤ አልጠፉም ነበር። በ1875 ግብፆች በራኡፍ ፓሻ መሪነት ያዟት፣ አሚሩን ገደሉ፣ አሥር ዓመት ቆይተው በ1885 ወጡ። አሚር አብዱላሂ ተተካ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጨለንቆ።

ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። በግብፆቹ ዘመን ቦታው መስጂድ ነበር፤ ከ1887 በኋላ ነው የተለወጠው። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲቆጣ አይደለም፤ ስለሆነ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ቆሟል፣ የጁገል ሰዎችም በፊቱ ሰላምታ እየተለዋወጡ ያልፋሉ። ከተማዋ ዩኔስኮ ለሰላም ከተሞች የሚሰጠውን ሽልማት አግኝታለች። በዕለቱ ከአደባባዩ ፊት ቡና ስንጠጣ ያስተናገደችን ክርስቲያን እናት ልጆቹ መንገድ ሲጠይቋት እስከ መስጂዱ በር ወሰደቻቸው።

ወታደር ያላደረገውን ደግሞ ባቡር አደረገው። የጅቡቲ ሐዲድ ተራራውን መውጣት ስለከበደው በ1902 ድሬዳዋ ላይ ቆመ። ንግዱ ወደ ሐዲዱ ወረደ፤ ሐረር ከነግንቧ ተራራ ላይ ቀረች። ምናልባት ጁገል ሳይፈርስ የቀረው በዚህ ይሆናል። ገንዘብ የበዛበት ከተማ አሮጌ ቤት አያስቀምጥም፤ ሐዋሳ ላይ ያለውን ግንባታ አይታችሁ ፍረዱ።

አሁን ቤት ውስጥ እንግባ። የሐረሪ ቤት ጌይ ጋር ይባላል። ጫማችንን አውልቀን ስንገባ ወንበር የለም፤ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች ናቸው ያሉት። ከፍ ያለው የአባወራውና የክቡር እንግዳ ነው፣ በሩን ፊት ለፊት ያያል። እኔን «ኡስታዝ» ብለው ስላስተዋወቁኝ እዚያ አስቀመጡኝ፤ አፈርኩ፣ እንቢ ማለትም አልቻልኩም። ግድግዳው በሰፌድና በጥለት ሥራ ተሸፍኗል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ እዚያ ቤት ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ወንዶቹ ልጆች ከዚያ በኋላ በየቤቱ የሚያዩት ከበሩ በላይ ሆነና አሳፈሩኝ።

ወለሉና መደቡ ቀይ ነው፣ በቀይ አፈር የተቀባ። እናትየው ለምን እንደሆነ ጠየቅናቸው። «የጨለንቆ ደም ነው» አሉ፤ ቡና እየቀዱ፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ። ትውፊቱ እንዲህ ነው፤ በውጊያው ለሞቱት ማስታወሻ ቤቶች ወለላቸውን ቀይ አደረጉ። ያቺን መንገድ ዳር ድንች የሚሸጥባትን ቦታ ያስታወሰ ልጅ እግሩን ሰበሰበ።

የቀሩትን ቦታዎች ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ። መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፣ ስሙ ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ። ጊዲር መጋላ ላይ ጭልፊት ከሰው እጅ ሥጋ ይነጥቃል፤ የኛ አንዱ ተነጥቋል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1880 ወደ ሐረር መጥቶ ይነግድ ነበር፤ የራምቦ ቤት የሚባለውን ውብ የእንጨት ቤት ግን የህንድ ነጋዴ ከራምቦ በኋላ ነው ያሠራው ይላሉ። ቤቱ ያምራል፣ ስሙ ያጠራጥራል።

እኔን ያስቆመኝ ሌላ የህንድ ነጋዴ የሠራው ቤት ነው። ራስ ተፈሪ ከጋብቻቸው በኋላ የቆዩበት ነው ይባላል፤ አሁን የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ነው። እሳቸው የከተማዋን የቆዩ ዕቃዎች ከየቤቱ መሰብሰብ የጀመሩት በራሳቸው ገንዘብ ነው፤ ሳንቲም፣ ሰይፍ፣ ልብስ፣ የዘፈን ቅጂ፣ ከሁሉ በላይ ግን በእጅ የተጻፉ ኪታቦች፣ ከአንድ ሺህ በላይ። የጥንቱን የጥረዛ ሙያ ተምረው የተበላሹትን ይጠግናሉ። ሐረር የኪታብ መጠረዣ ከተማ ነበረች፤ ቆዳው ላይ በማኅተም የሚወጣው ጌጥ እስከዛሬ ይታያል። የቁርኣኖቹን ጽሕፈት ያጠኑ ሰዎች አንዳንዶቹ ከህንዱ የቢሃሪ አጻጻፍ ጋር ዝምድና እንዳላቸው ይናገራሉ። በሒጅራ 1162 (1749) ሐረር ላይ የተጻፈ አንድ ቁርኣን ዛሬ የሚገኘው ኸሊሊ በሚባለው ታዋቂ የውጭ ስብስብ ውስጥ ነው። ሐረሪኛም በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር። ለካ እስያን ፍለጋ አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልግም፤ ህንድም የመንም ገጹ ላይ አሉ።

መስታወቱ ሥር አንድ የፊቅህ ኪታብ ተከፍቶ ነበር። ገጹ መሃል በጥቁር ቀለም የተጻፈው መትን ነው። ዳር ዳሩን ግን በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም፣ ቁልቁልም አግድምም ማብራሪያ ተጽፏል። አያቴን አስታወሰኝ። አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የገጠር ሸይኽ ነበሩ። እንዲህ ያለ ኪታብ ነበራቸው፤ ዳሩ ላይ ሦስት ትውልድ ጽፎበታል፤ የመጨረሻው እጅ የሳቸው ነበር። በአንድ የድርቅ ዓመት ቤተሰቡ ለመንገደኛ ነጋዴ ሸጠው። ዋጋው አንድ ኩንታል በቆሎ አይሞላም። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ነጋዴው ኪታቡን ሲጠቀልልበት የነበረውን የማዳበሪያ ጆንያ እንጂ ኪታቡን በደንብ አላስታውሰውም። ማንንም አልወቅስም፤ ያን በቆሎ እኔም በልቻለሁ። ግን መስታወቱ ሥር ያሉትን የማላውቃቸውን የእጅ ጽሕፈቶች አንድ በአንድ ሳያቸው ነበር፤ የአያቴን እጅ የምለየው ይመስል። ልጆቹ ሁለት ጊዜ መጥተው ጠሩኝ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ዝምታ ነበር፤ ደክሟቸው ነው ብዬ ተውኳቸው። ሐዋሳ በደረስን በሦስተኛው ሳምንት፣ ከመግሪብ በኋላ ያ «የጅብ አገር ናት» ያለው ልጅ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። የሴት አያቱ ሳጥን ውስጥ የነበረ ነው፤ መጀመሪያውም መጨረሻውም የተቀደደ፣ ጥጉን ምስጥ የበላው ኪታብ። «ኡስታዝ፣ ምን እንደሆነ ያዩልኛል? ሊጥሉት ነበር» አለኝ። ከፈትኩት። የጦሃራ ባብ ነው። ዳሩ ላይ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈው ግን ዐረብኛ አልነበረም፤ እኔም ማንበብ አልቻልኩም። አያቱን ጠርተን ድምፁን እንደመጣልኝ ሳነብላቸው ሳቁና «ይሄማ የእናቴ ቋንቋ ነው» አሉ።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር በኋላ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ እናነሳዋለን፤ አያቱ ዳር ላይ ያለውን ይተረጉማሉ፣ ልጁ በደብተር ይጽፋል። 41ኛው ገጽ ላይ ደርሰናል። ቤታችሁ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ያላችሁ፣ በፀሐይ አታስጡት፣ ፕላስተርም አትለጥፉበት፤ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።